አንቲባዮቲክ ላይ አንቲኦክሲዳንት መደረብ፦ ለሳይነስ ኢንፌክሽን ይጠቅማል ወይ?

መድኃኒት ቤት ገብቶ «ሳይነሴ ተነሥቶብኛል፣ ጠንከር ያለ ነገር ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንደኛው አሞክሲሲሊን፣ ወይም አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተቀላቀለበት ክኒን ነው። ሁለተኛው ውኃ ውስጥ ሲጣል እየተፍለቀለቀ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ከሻንጣ የወጣ ዚንክ፣ ሴሊኒየም፣ ቫይታሚን ኢ፣ አለዚያም «ናክ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን ኤን-አሴቲልሲስቲን ይጨምርበታል። ሐሳቡ ለሰሚው ልክ ይመስላል፤ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ አንቲኦክሲዳንቱ የተጎዳውን ሰውነት ይጠግናል፣ ሁለቱ ተባብረው ፈውሱን ያፋጥኑታል።

የመንደር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ረጅም ጽሑፍ ባላስፈለገው ነበር። ተመራማሪዎችም ግን ይህንኑ ሐሳብ በቁም ነገር ይዘው፣ በአፍንጫ ሽፋን ላይም ሆነ በሙከራ ቱቦ ውስጥ፣ በሕፃናት የሳንባ ምችም ሆነ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲፈትኑት ቆይተዋል። እዚህ የማቀርበው የዚያን ሁሉ ፍተሻ ጠቅላላ ገጽታ ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፦ ለባክቴሪያ የሳይነስ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ የሚወስድ፣ የምግብ እጥረት የሌለበት ሰው አንቲኦክሲዳንት ቢደርብበት ይጠቅመዋል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። በአንዳንድ ሁኔታ እንዲያውም መድኃኒቱን ራሱን ያከሽፍበታል። ወደዚህ ድምዳሜ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከድምዳሜው የበለጠ ትምህርት አለው።

በፊታችን አጥንት ውስጥ አየር የሞላባቸው አራት ጥንድ ጎድጓዳ ክፍሎች አሉ፤ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከዚያ ወደ ኋላ ጠለቅ ብሎ። ውስጣቸው በስስ እርጥብ ሽፋን የተለበጠ ነው። በሽፋኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን እየጠረጉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጡታል። ጉንፋን ሲይዘን ሽፋኑ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ ፈሳሹ እዚያው ይታቆራል። ፊት የሚከብደው፣ ጎንበስ ሲሉ ግንባርን የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ታዲያ ባክቴሪያ ሳይኖርም ይሆናል። በአዋቂዎች ላይ ከሚደርሰው የቫይረስ ጉንፋን ወደ ባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚሸጋገረው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው።

ሐኪሞች ባክቴሪያ ነው ብለው የሚጠረጥሩት ከሦስት ነገሮች አንዱን ሲያዩ ነው። ምልክቱ ምንም ሳይሻሻል 10 ቀን ሲያልፈው፤ ወይም ትኩሳቱ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ መግል የመሰለ ንፍጥና የፊት ሕመም ሦስት አራት ቀን በተከታታይ ሲዘልቅ፤ ወይም ጉንፋኑ ተሻለ ከተባለ በኋላ እንደገና ሲያገረሽና ሲብስ። የንፍጡ አረንጓዴ መሆን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ሲያይ «ባክቴሪያ ገብቶበታል» ብሎ ይደመድማል፤ ቀለሙ ግን የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ነው። በውስጣቸው የሚገኘው ማይሎፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮው አረንጓዴ ነው፤ ሴሎቹ በቫይረስ ጉንፋንም ጊዜ ወደ አፍንጫ ይተማሉ። ይህን ኢንዛይም ልብ ይበሉልኝ፤ የአንቲኦክሲዳንቱ ጉዳይ መቋጠሪያው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ስለ አንቲባዮቲኩ ራሱ። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2018 ያሳተመው ግምገማ 3,057 አዋቂዎች የተሳተፉባቸውን 15 ሙከራዎች አንድ ላይ አይቷል። አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት ውስጥ 46 በመቶው በአንድ ሳምንት፣ 64 በመቶው በ14 ቀን ድነዋል። አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ቀድመው የሚድኑት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 11 የሚሆኑ ተጨማሪ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በአንጻሩ ከ100 ሰው 13 ተጨማሪ ሰዎች እንደ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ያለ ጎን ለጎን ጉዳት ይገጥማቸዋል። በ2012 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ 166 አዋቂዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለ10 ቀን አሞክሲሲሊን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ሲወስዱ፣ በሦስተኛው ቀንም ሆነ በአሥረኛው ቀን በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልታየም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ ቀለል ላለው ሕመም ወዲያው አንቲባዮቲክ ከመጀመር ይልቅ ጥቂት ቀን እየተከታተሉ መጠበቅን እንደ አንድ አማራጭ የሚያስቀምጠው እንዲህ ባሉ ውጤቶች ተመርኩዞ ነው።

ይህ ለጥያቄያችን ሁለት ነገር ይነግረናል። አንድ፣ አንቲባዮቲኩ ብቻውን የሚያስገኘው ጥቅም ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ፣ በላዩ ላይ የተደረበ ቫይታሚን የሚጨምረውን ለይቶ ለማየት እጅግ ብዙ ሕመምተኛ ያለበት ሙከራ ያስፈልጋል። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሙከራ አልተካሄደም። ሁለት፣ ከሦስት ሕመምተኛ ሁለቱ ያህል በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት በሚድኑበት በሽታ ላይ «ቫይታሚኑን ከጀመርኩ በኋላ ተሻለኝ» የሚለው ምስክርነት፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ምንም አያረጋግጥም። ባይወስደውም ይሻለው ነበር።

አሁን ወደ አረንጓዴው ኢንዛይም። ባክቴሪያ የሳይነሱን ሽፋን ሲወር ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ኒውትሮፊሉ ባክቴሪያውን ከቦ ይውጠዋል፤ ከዋጠውም በኋላ በከረጢት ውስጥ ዘግቶ ኦክስጅንን ወደ ሱፐርኦክሳይድ፣ ሱፐርኦክሳይዱንም ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ማይሎፐርኦክሲዴዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ከክሎራይድ ጋር አዋህዶ ሃይፖክሎረስ አሲድ ያወጣል። ሃይፖክሎረስ አሲድ በረኪና ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ሰውነታችን እንግዲህ በየሴሉ ውስጥ በጥቂቱ በረኪና እየሠራ ጠላቱን ያቃጥላል ማለት ነው። እነዚህ ናቸው ኦክሲዳንቶች። በማስታወቂያዎች ላይ ከሥራቸው መጥፋት ያለባቸው መርዞች ተደርገው የሚቀርቡት እነዚሁ ናቸው።

መሣሪያው ባይኖር ምን እንደሚሆን ተፈጥሮ ራሷ አሳይታናለች። ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ሱፐርኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። ነጭ የደም ሴሎቻቸው ባክቴሪያውን ይውጡታል፣ ሊገድሉት ግን ያቅታቸዋል። በዚህም የተነሣ በሳንባ፣ በጉበት፣ በቆዳና በአጥንት ላይ በሚመላለስ ከባድ ኢንፌክሽን ይሠቃያሉ።

በሌላ በኩል እሳቱ ባክቴሪያውን ብቻ ለይቶ አያቃጥልም። ከሴሎቹ የሚያመልጠው ኦክሲዳንት የሳይነሱን ሽፋን ይጎዳል፣ የሚጠርጉትን ፀጉሮች ሥራ ያዳክማል፣ እብጠቱን ያራዝማል። ሰውነትም ለዚህ አንቲኦክሲዳንት የሚባል የራሱ መከላከያ አለው፤ ዋነኛው ግሉታታዮን ነው፣ ከእሱም ጋር ዩሪክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ ይሠራሉ። በ1997 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የአፍንጫ ሽፋን ከጤነኞች ጋር ሲያወዳድሩ በሕመምተኞቹ ዘንድ የግሉታታዮንና የዩሪክ አሲድ መጠን ዝቅ ብሎ አገኙት። ከዚያ ወዲህም ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሕፃናት ደም ውስጥ የቫይታሚኖችና የዚንክ መጠን አነስተኛ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። «የጎደለውን እንሙላ» የሚለው ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት ያገኘው ከዚህ ነው።

ሐሳቡን አልንቀውም፤ ምክንያታዊ ነው። ግን መጉደሉ የበሽታው መንሥኤ ነው ወይስ ውጤት? ለወራት በተቃጠለ ሽፋን ላይ መከላከያው ቢያልቅ አይገርምም። አልቆ መገኘቱም ብቻውን ከውጭ ሲሞላ በሽታው ይቀላል ማለት አይደለም። ደግሞም እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ከ12 ሳምንት በላይ በቆየ ሕመም ላይ ነው። ድንገተኛው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ ማለትም ከአራት ሳምንት የማያልፈው፣ ሌላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒውትሮፊሉ መሣሪያውን ይፈልገዋል።

ጥያቄውን በቀጥታ የፈተኑት ሙከራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትንንሽም ናቸው። ብዙ ተስፋ የተጣለው በናክ ላይ ነበር። ናክ ግሉታታዮን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ ወፍራም አክታን ያቀጥናል፤ በፓራሲታሞል ለተመረዘ ሰውም ጉበትን የሚያድን ፍቱን መድኃኒት ነው። ባክቴሪያዎች በሽፋን ላይ ተጣብቀው የሚሠሩትን ባዮፊልም የሚባል አተላ እንደሚያላላም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ኢራን ውስጥ በሲቲ ስካን ሕመማቸው የተረጋገጠ፣ አርባ የማይሞሉ አዋቂዎች ሁሉም አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ሲወስዱ፣ ከፊሎቹ ናክ፣ ከፊሎቹ አስመሳይ ክኒን ለ10 ቀን ተጨመረላቸው። ሲቲ ስካኑም ሆነ የሕመምተኞቹ የራሳቸው ስሜት የጎላ ልዩነት አላሳየም። ሙከራው ትንሽ ስለሆነ ናክ ፈጽሞ አይጠቅምም ብሎ በር መዝጋት አይቻልም፤ ይጠቅማል ብሎ ለመሸጥ ግን ከቶ አይበቃም።

ቫይታሚን ሲ የተሻለ ተፈትኗል፤ በሳይነስ ሳይሆን በጉንፋን ላይ። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ላይነስ ፖሊንግ በ1970 ስለ ቫይታሚን ሲና ስለ ጉንፋን መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ቫይታሚኑ በየቤቱ ገብቷል። በ2013 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ሙከራዎች መርምሮ፣ በየቀኑ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ተራውን ሰው ከጉንፋን እንደማይከላከል አገኘ። በየቀኑ ሲወስዱ በነበሩት ዘንድ ጉንፋኑ የሚቆይበት ጊዜ በአዋቂዎች 8 በመቶ፣ በሕፃናት 14 በመቶ አጥሯል፤ የሰባት ቀን ጉንፋን በግማሽ ቀን ገደማ ማለት ነው። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ለጀመሩት ግን አስተማማኝ ጥቅም አልተገኘም። ያን የሚፍለቀለቅ ክኒን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከታመመ በኋላ ነው። መጠኑም ሌላ ነገር ነው። ለአዋቂ ሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ይበቃል፤ ከ1000 ሚሊግራም በላይ ሲወሰድ አንጀት የሚመጠው ከግማሽ በታች ይሆናል፣ የተመጠጠውም ትርፍ በሽንት ይወጣል። አንጀት ውስጥ የቀረው ውኃ እየሳበ ተቅማጥ ያመጣል። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ራሱ ተቅማጥ እንደሚያመጣ ላስተዋለ፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሕመምተኛ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ አንቲባዮቲኩን በመሃል ቢያቋርጥ የማን ጥፋት ነው?

በቤተ ሙከራ የተነሣው ክርክር ከዚህም ይጠልቃል። በ2007 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባክቴሪያን የሚገድሉ አንቲባዮቲኮች፣ የየራሳቸው ዒላማ ቢለያይም፣ በባክቴሪያው ውስጥ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ኃይለኛ ኦክሲዳንት እንዲፈጠር በማድረግ ጭምር ነው የሚገድሉት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እውነት ከሆነ አንቲኦክሲዳንት መጨመር ባክቴሪያውን መርዳት ይሆናል። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሁለት የምርምር ቡድኖች ይህን የሚቃወም ውጤት አሳተሙ፤ ኦክስጅን በሌለበትም አንቲባዮቲኮቹ ይገድላሉ አሉ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። በተናጠል የተገኙት ውጤቶችም ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄዱም። በቱቦ ውስጥ ግሉታታዮንና ቫይታሚን ሲ የሲፕሮፍሎክሳሲንን ገዳይነት ይቀንሳሉ፤ ናክ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲንን እያዳከመ አምፒሲሊንን ሲያግዝ ታይቷል። በቱቦ ውስጥ ያለው መጠን በሰው ሳይነስ ውስጥ ከሚደርሰው ጋር አንድ ስላልሆነ ከዚህ ተነሥቶ ሰውን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። ግን «ቫይታሚን ነው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለው አባባል ያን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ ያሳያል።

በሳይነስ ላይ ማስረጃው ሲሳሳ ወደ ጎረቤት በሽታዎች መመልከት ግድ ነው። እዚያ ያለው ታሪክ ሀብታም ነው፤ ለእኛ አገርም ይቀርባል። በባንግላዴሽ ማትላብ በ2004 የታተመ ሙከራ ከባድ የሳንባ ምች ለያዛቸው 270 ሕፃናት ከአንቲባዮቲኩ ጋር 20 ሚሊግራም ዚንክ ሲሰጥ ቶሎ እንደሚያገግሙ አሳየ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ በሕንድ ቬሎር የተደገመው ሙከራ ያንን ጥቅም አላገኘም፣ በኋላም ሙከራዎቹ አንድ ላይ ሲገመገሙ ዚንኩ ማገገምን እንደሚያፋጥን ማረጋገጥ አልተቻለም። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የተደረገውና በ2012 የታተመው ሙከራ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ይዞ መጣ። ዚንኩ የሕፃናቱን ትኩሳትና አተነፋፈስ ቶሎ አላስተካከለም፤ የሞቱት ግን ዚንክ ካገኙት 4 በመቶ፣ ካላገኙት 11.9 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱም ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ሕፃናት ዘንድ ጎልቶ ታየ። ቫይታሚን ኢና ሲ በኮልካታ በከባድ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ለታመሙ ሕፃናት ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲሰጡ ግን ጥቅም አላሳዩም።

ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሆነው የኩፍኝ ጉዳይ ነው። በ1990 የታተመው የኬፕታውን ሙከራ በከባድ ኩፍኝ ሆስፒታል የገቡ 189 ሕፃናትን ይዟል። ከሞቱት 12 ሕፃናት 10ሩ ቫይታሚን ኤ ያልተሰጣቸው ነበሩ። ዛሬ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን ዚንክ ይወስዳል። በእኛ ጤና ጣቢያዎችም የሚሠራበት ይኸው ነው። እነዚህ ድሎች ከምን የመጡ ናቸው? ኦክሲዳንትን ከማጥፋት ሳይሆን እጥረትን ከመሙላት። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን የመተንፈሻ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ዚንክ ያነሰው ሕፃን የመከላከያ ሴሎቹ ይደክማሉ። ያልጎደለበት አዋቂ ላይ ያንኑ ክኒን ብንጨምር ያንኑ ተአምር መጠበቅ አንችልም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ ብባል ይህችን ልዩነት እመርጣለሁ።

እጥረቱ ሳይታይ በብዛት ሲሰጥ የሚደርሰውም ታውቋል። በደም መመረዝ ለተያዙ የጽኑ ሕክምና ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ ቫይታሚን ሲ፣ በ2017 ለ47 ሕሙማን የተሰጠበት አንድ ጥናት በእጅጉ ካሞገሰው በኋላ፣ ዓለምን አዳርሶ ነበር። በ2022 ከ850 በላይ ሕሙማንን የያዘው «ሎቪት» የተባለው ሙከራ ሲታተም፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም የአካል ክፍሎቻቸው ሥራ ያልተመለሰላቸው ቫይታሚን ሲ ካገኙት 44.5 በመቶ፣ ካላገኙት 38.5 በመቶ ሆኑ። ይህ ከባክቴሪያ ኢንፌክሽንና ከአንቲባዮቲክ ጋር አንቲኦክሲዳንት በትልቅ ሙከራ የተፈተነበት ነውና፣ ሕመሙ ከሳይነስ እጅግ ቢከብድም፣ ልንዘለው አይገባም። በኔዘርላንድ በ652 አረጋውያን ላይ የተደረገው ሙከራም ቫይታሚን ኢ የወሰዱት የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ሕመሙ እንደጠናባቸው በ2002 አሳይቷል። ፊንላንድ ውስጥ ቤታ ካሮቲን በተሰጣቸው አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ መጨመሩን የዘገበው የ1994ቱ ጥናት ደግሞ በሰፊው ይታወቃል፤ ለዓመታት የዘለቀ አወሳሰድ ነውና የአሥር ቀን ክኒን ከዚያ ጋር አይመሳሰልም።

ለሳይነስ ሕመምተኛ ቅርቡ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሆድ ውስጥ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት ዶክሲሳይክሊን፣ አንዳንዴም ሌቮፍሎክሳሲን ነው። ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ይጣበቁባቸዋል፤ የተጣበቀው መድኃኒት በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት አይችልም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሕመምተኛው ክኒኑን ሰዓቱን ጠብቆ ውጧል፣ ሳይነሱ ዘንድ የሚደርሰው መጠን ግን ተመናምኗል። ሕመሙ ሳይሻለው ሲቀር «መድኃኒቱን ለምዶታል» ይባልና ወደ ባሰ አንቲባዮቲክ ይታለፋል። በጠርሙሱ ላይ «መልቲቫይታሚን» የሚል የተጻፈበት አብዛኛው ክኒን እነዚህን ማዕድናት ይዟል፤ ጀርባውን ገልብጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ሌቮፍሎክሳሲን ማዕድን ካለበት ነገር ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው። ዶክሲሳይክሊንም ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይራቅ። የሚሟሟው ናክም ከሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሁለት ሰዓት ይራቅ የሚል ማሳሰቢያ በአውሮፓ ማሸጊያዎቹ ላይ አለው። አሞክሲሲሊን በማዕድናት አይታወክም፤ ለዚያ መጨነቅ አያስፈልግም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ያሉበትን የመድኃኒት ወገን ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016፣ በጅማት፣ በነርቭና በአእምሮ ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ምክንያት፣ ሌላ አማራጭ ያለው የሳይነስ ሕመምተኛ እንዳይወስዳቸው አስጠንቅቋል። በራስ ፈቃድ ገዝቶ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

ከአሜሪካ በሻንጣ ስለሚመጣው ጠርሙስም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ1994 የወጣው የአገሪቱ ሕግ እነዚህን ምርቶች ከምግብ ወገን ስለሚመድባቸው፣ አምራቹ ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ይሠራሉ ብሎ ለመንግሥት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። «የአሜሪካ ነው» መባሉ ተፈትኖ ጸድቋል ማለት አይደለም። እርጉዝ ሴት ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያለበትን ጠርሙስ ሐኪም ሳታማክር መንካት የለባትም፤ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ ሲሆን ፅንሱን የአካል ጉድለት ላይ ሊጥል ይችላል።

የምግቡ ነገር ከክኒኑ ይሻላል። ቃሪያችን በክብደት ሲነጻጸር ከብርቱካን በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ዘይቱናም እንዲሁ። ጎመን ብዙ ሲቀቀል ቫይታሚኑ ይጠፋል፣ ለስለስ ሲል ማውጣት ይበጃል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ዚንክንና ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ከጤፉ የሚገኘው ማዕድን በተሻለ ይመጠጣል። በእውነት እጥረት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ምግብ የማይረጋለት፣ በጣም የከሳ፣ ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም ያለበት፣ በሐኪም ተመርምሮ ክኒኑን ይውሰድ፤ ለእሱ ሕክምና ነው።

የአፍንጫ እጥበት በአንጻሩ ማስረጃም ርካሽነትም አለው። በብሪታንያ 871 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመው ሙከራ ሥር በሰደደና በሚመላለስ የሳይነስ ሕመም ላይ በጨው ውኃ መታጠብ እንደሚጠቅም፣ እንፋሎት መታጠን ግን ራስ ምታት ከማቅለል በቀር ያን ያህል እንደማይረዳ አሳይቷል። ባሕር ዛፍ መታጠን ለለመደው ሰው ደስ ይላል፤ ሕፃን ልጅን ግን የፈላ ድስት ላይ አታስደፉ፣ በዚህ የሚቃጠሉ ልጆች አሉ። ለእጥበቱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨውና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ራስን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ በአፍ እየተነፈሱ በላይኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው፤ ውኃው በታችኛው ይወጣል። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ አይሆንም። በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች ባልፈላ የቧንቧ ውኃ አፍንጫቸውን አጥበው፣ ውኃው ውስጥ በነበረ አሜባ አንጎላቸው ተመርዞ ሞተዋል። ከእጥበቱ ሌላ በሐኪም የታዘዘ የስቴሮይድ የአፍንጫ ርጭትና ተራ የሕመም ማስታገሻ ይረዳሉ። አፍንጫ የሚከፍቱት ጠብታዎች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፋቸው መልሰው ይደፍናሉ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ድንገተኛ የባክቴሪያ ሳይነስ ለያዘው፣ በደንብ ለሚበላ ሰው ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሊኒየም፣ ዚንክ ወይም ናክ ከአንቲባዮቲኩ ጋር ይታዘዝ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። አንቲባዮቲኩም ቢሆን ለጥቂቶች ብቻ የሚያስፈልግ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሰው ክኒን ከመግዛቱ በፊት «ስንት ቀን ሆነህ? ትኩሳት አለህ? ሌላ ምን እየወሰድክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚወስዱትን ቫይታሚን ከነጠርሙሱ ያሳዩ። የዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንገት አልታጠፍ ካለ፣ ራስ ምታቱ ከወትሮው የተለየና የበረታ ከሆነ፣ ሰውየው ከተምታታበት ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላልና፣ ክኒንም ቫይታሚንም ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።